አፕላይድን ሸሽቶ ስትሪም ስለ መምረጥ

ከመሐል ሜዳ መጥታ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ላይ ያለችው እህታችን «ሂሳብና ፊዚክስ ከብዶኛል፣ ሐሳቤ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነበር፤ በሁለተኛው ሴሚስተር አፕላይድ ማትስ (የኢንጂነሪንጉ ሂሳብ) የሌለበትን ስትሪም (የትምህርት ምድብ) ልሙላ?» ብላ ጠይቃለች። በኢንጂነሪንግ ያለፍኩ፣ ፍሬሾችንም ቲቶሪያል የማስጠና ስለሆንኩ ትንሽ ልበል።

እህቴ፣ እስካሁን የወሰድሻቸው ግዴታ ነበሩ። ፍሬሽማን በ2012 ከተመለሰ ወዲህ ናቹራል የገባ ሁሉ ማትስና ጄኔራል ፊዚክስ ይወስዳል። ምርጫሽ ገና አሁን ነው የሚጀምረው።

አፕላይድ ዋን፣ ማለትም የመጀመሪያው ክፍል፣ ስሙ ነው የሚያስፈራው። ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቴግራል ነው፤ አብዛኛውን ሃይስኩል አይተሽዋል። ጣጣው ከኋላ ነው። ሦስተኛው ክፍል አፕላይድ ስሪ ላይ ላፕላስ (ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን የሚፈታበት ዘዴ) ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ከዜሮ እስከ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ኢንቴግራል ነው። ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ (የሁለት ነገሮችን ብዜት ኢንቴግሬት የምናደርግበት ዘዴ) እጇ ያልገባ ልጅ ላፕላሱ ቢገባትም መልሱ ጋ አትደርስም። ስለዚህ ዋንን ለማለፍ ብቻ አትማሪው።

ፊዚክስ ላይ ተማሪ ሲወድቅ የማየው በአብዛኛው ቬክተር ላይ፣ ማለትም አንዱን ኃይል በሁለት አቅጣጫ መክፈል ላይ ነው። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ የቆመ ሲኖትራክ አስቢ። ወደ ታች የሚስበው ክብደቱ በአንግሉ ሳይን ሲባዛ ነው፣ አስፋልቱን የሚጫነው በኮሳይን። ሁለቱ ከተምታቱብሽ አንግሉን ዜሮ አድርጊው፦ መንገዱ ሜዳ ሆነ፣ የሚስብ ነገር የለም፣ የዜሮ ሳይንም ዜሮ ነው። ፈተና ላይ ይህቺ ብቻ ስንቱን አድናለች!

ሂሳብ ሸሽተሽ ኮምፒውተር ሳይንስ ብትገቢም ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ዲስክሪት ማትስ ይጠብቁሻል። ያ ፍሬሽማን ማትስ ላይ የሰለቸሽ ትሩዝ ቴብል (የእውነትና ሐሰት ሰንጠረዥ) ዲስክሪት ላይ ተመልሶ ይመጣል። በሶፍትዌር በኩል ፊዚክሱ ከሲቪልና ከሜካኒካል በጣም ያንሳል። እኔ ብሆን ሶፍትዌርን አልተውም ነበር።

ጂፒኤውንም አስልተሽ ግቢ፤ ለዲፓርትመንት ምደባ ይፈለጋል። ሲ 2 ነጥብ፣ ኤ 4 ነጥብ ነው፤ በ4 ክሬዲት ኮርስ ሲ፣ በ2 ክሬዲት ኤ ብታመጪ አማካዩ 2.67 ነው፣ 3 አይደለም። ጥናትሽን ክሬዲቱ የከበደው ላይ ጣይ።

የከበደሽን ኮርስ ድሮፕ ማድረግ (ለጊዜው መተው) ካሰብሽ ደግሞ ኮርሱ መቼ እንደሚሰጥ ሬጅስትራርን ቀድመሽ ጠይቂ፤ በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ ተከታዮቹ ሁሉ አብረው ይዘገያሉ። ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ካሪኩለሙን ፎቶ አንሺ፣ ሶፍትዌር በየትኛው ስትሪም እንደሚመደብም እዚያው አረጋግጪ።