ሁለት ሬጉሌተር በአንድ መስመር

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሞተርሆም ይዞ መጥቶ ነበር። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው ሁሉ ውስጡ ያለ መኪና ነው። እሱ ተመልሶ ሄዷል፤ መኪናው እኔ ጋ ነው። ለጥር 23 ቤተሰቡን ይዤ ኢንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ላይ መገኘት እፈልጋለሁ። እናቴ መኪና ውስጥ ሽሮ መሥራት አልወደደችም፣ ሽታው አልጋ ልብሱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ውጭ ማብሰል አሰብን። መኪናው ጎኑ ላይ የጋዝ ማውጫ አለው። አጎቴ የተወልንን፣ ሁለት ድስት የሚጣድበትን ተንቀሳቃሽ ምድጃ እዚያ ላይ ሰካሁት። ይበራል፤ ግን እሳቱ የሻማ ያህል ነው። ጀበናው ሳይፈላ አንድ ሰዓት አለፈው። የሰፈራችን በያጅ «ጋዝ የሚወጣበትን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ላስፋልህ» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ከታንኩ በቀጥታ ጎማ አውጣ» ይላል። የቱን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ ሁለቱንም አታድርግ። በያጁም ጎረቤትህም ለበጎ ብለው ነው። ግን የመጀመሪያው ምክር በጭስ፣ ሁለተኛው በእሳት ይጎዳችኋል። የምድጃህ ችግር የቀዳዳው ጥበት አይደለም። ጋዙ ሁለት ጊዜ እየተቀነሰ ነው።

የመኪናው ጋዝ ታንክ ውስጥ ያለው ፕሮፔን የሚባል ጋዝ ታምቆ ፈሳሽ የሆነ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን ከ7 ባር በላይ ግፊት አለው። ይህን የሚችል የቤት ምድጃ የለም። ስለዚህ ታንኩ አጠገብ ሬጉሌተር፣ ማለትም ግፊት የሚቀንስ ዕቃ፣ ተገጥሟል። አሜሪካ በሚሠሩ ሞተርሆሞች ላይ ግፊቱን ወደ 11 ኢንች የውሃ ከፍታ፣ ማለትም ውሃን 11 ኢንች ብቻ ከፍ ወደሚያደርግ ግፊት፣ ያወርደዋል። ይህ ወደ 28 ሚሊባር (የባር ሺኛ) ነው፤ ታንኩ ውስጥ ካለው 250 ጊዜ ያነሰ። ጎኑ ላይ ያለው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ሬጉሌተር በኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚደርሰው ጋዝ አስቀድሞ የተቀነሰ ነው።

አሁን ምድጃውን እየው። ግማሽ ኪሎ ገደማ ጋዝ ከምትይዝ ትንሽ ጠርሙስ ጋር እንዲሠራ የተደረገ ይመስለኛል። ከመዝጊያው ጋር የተያያዘ፣ እንደ እንጉዳይ ክብ የሆነ ብረት ካለው እሱ የራሱ ሬጉሌተር ነው። ከጠርሙሷ የሚመጣውን ከፍተኛ ግፊት ይጠብቃል። አንተ ግን 28 ሚሊባር ሰጠኸው። እሱም ያንኑ መልሶ ቀነሰው። ሻማ የመሰለው ለዚህ ነው።

ይህን የምለው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ አንድ ምግብ ቤት «እሳቱ ደከመ» ብለው ጠሩኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ጠርተው ቀዳዳዎቹን አሰርስረው ነበር። እሳቱ ትልቅ ሆነ፤ ግን ቢጫ። ድስቶቹ በጥላሸት ጠቁረዋል። ወጥ የምትሠራው እናት ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማት፣ ያቅለሸልሻት ነበር። ሰዎቹ ድካም ነው ብለዋታል። ድካም አልነበረም። በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይገድላል። መስኮቱን አስከፈትኩና ወደ ውጭ አወጣኋት። ከዚያ መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ግድግዳው ላይ አንድ ሬጉሌተር፣ ከምድጃው ጀርባ ደግሞ ሌላ አገኘሁ። አንድ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ጨምሮታል። የጨመረውን አንስቼ፣ የተሰረሰሩትን የነሐስ ቀዳዳዎች በትክክለኛዎቹ ስቀይር እሳቱ ሰማያዊ ሆነ። የዚያች እናት ፊት እስካሁን አይረሳኝም። ለዚህ ነው መሰርሰሪያ ሲባል የምቆጣው።

ኢንጅባራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ እሳት የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ለከፍታ ቦታ ምድጃ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ቀዳዳውን ያጠባሉ እንጂ አያሰፉም። የበያጁ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። በነገራችን ላይ እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮው ትንሽ ቢዘገይ ምድጃህን አትጠርጥር፤ ለእናትህም ቀድመህ ንገራት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምድጃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። 11 ኢንች የውሃ ግፊት የሚል ከሆነ፣ ያ እንጉዳይ መሳይ ብረት ተነቅሎ ምድጃው በቀጥታ ከመኪናው ማውጫ ጋር ሊገናኝ ይችላል። መንቀሉን ግን የጋዝ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ስጠው። አንዳንዱ ምድጃ ሬጉሌተሩ ከመዝጊያው ጋር አንድ ላይ ስለሆነ አይነቀልም። ጽሑፉ ከዚያ የበለጠ ግፊት የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ተወው። ቀዳዳዎቹ ለከፍተኛ ግፊት የተሠሩ ጥቃቅን ናቸው፣ ሬጉሌተሩን ብትነቅለውም በ28 ሚሊባር በደንብ አይነድም። በራሱ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀምበት።

እኔ ብሆን ግን ሌላ መንገድ ነው የምመርጠው። ባሕር ዳር ገበያ ውጣና ሁለት ድስት የሚጣድበትን ተራ የቡታ ጋዝ ምድጃ ጠይቅ። ጀርባውን ወይም ሆዱን ገልብጠህ አንብብ። 2,800 ፓስካል ወይም 28-30 ሚሊባር የሚል ታገኛለህ። 2,800 ፓስካል ማለት 28 ሚሊባር ነው። ከአሜሪካው መኪና ማውጫ ጋር አንድ ነው! ባሕር ማዶ የተሠራው መኪናና እናትህ ጓዳ ያለው ምድጃ በዚህ ይስማማሉ። ቤት ውስጥ ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ አናት ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ያንን ሥራ የመኪናው ሬጉሌተር ይሠራልሃል፣ ሌላ አትጨምር።

ከማውጫው ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያም አስመርምር። የአሜሪካ ጥርስና እኛ ገበያ ያለው ጥርስ ላይገጥም ይችላል። አስገድደህ አታሽከርክረው፣ በቴፕ ጠቅልለህም አትሸፍነው። ትክክለኛው እስኪገኝ ብትጠብቅ ይሻላል። ጎማውም የጋዝ ጎማ መሆኑ በላዩ የተጻፈበት ይሁን። የውሃ ጎማ ጋዝ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ጫፎቹን በሽቦ አትሰር። በብሎን በሚጠብቅ የጎማ ማሰሪያ እሰር።

ጎረቤትህ «ከታንኩ በቀጥታ» ያለው ልጆች በሚሮጡበት ሜዳ ላይ በተዘረጋ ጎማ ውስጥ ከ7 ባር በላይ ግፊት መልቀቅ ነው። ከሬጉሌተሩ በፊት መስመር የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ግን ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ጎማና የራሱ ሬጉሌተር ያለው ምድጃ ይዘው ነው። ለሽሮና ለቡና አያስፈልግህም።

ሁሉን ካገናኘህ በኋላ በክብሪት አትፈትሽ። ሳህን ሳሙና በውሃ በጥብጠህ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባ። ምድጃው ተዘግቶ፣ የመኪናው ማውጫ ተከፍቶ ይሁን። አረፋ ከተነፋ ያፈሳል። ግፊቱንም መለካት ትችላለህ። እኔ የምለካው ውስጡን በሚያሳይ ቀጭን ጎማ ነው። ዩ ቅርጽ አድርጌ ግማሹን ውሃ እሞላና አንዱን ጫፍ መስመሩ ላይ እሰካለሁ። በሁለቱ በኩል ያለው የውሃ ልዩነት ወደ 28 ሳንቲሜትር ከሆነ መስመሩ ደህና ነው።

ኢንጅባራ ስትደርስ መኪናውን ሜዳማ ቦታ ላይ አቁመው። ካዘመመ ፈሳሹ ወደ ጋዙ መውጫ ሊጠጋ ይችላል። ምድጃውን ከመኪናው ራቅ አድርገህ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጥ፤ ከድንኳን በታች ወይም ከመኪናው መስኮት ሥር አይሁን። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ላይ አይበተንም፤ ሣር ለሣር ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ክፉ ሽታ ከሸተታችሁ መጀመሪያ መዝጊያውን ዝጋ፣ ከዚያ ሰዎቹን አርቅ። ስትመለስም የታንኩን መዝጊያ ዘግተህ ንዳ።

የአጎትህን ምድጃ አትጣለው። የተለጠፈበትን ጽሑፍ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከጥር 23 በፊት አይቼው እመልስልሃለሁ።