ጠጠሩ ከተሰበረ በኋላ ሽንቴ ላይ አሸዋ ወጣ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከፒያሳ መገናኛ የምሠራ የታክሲ ሹፌር ነኝ። የኩላሊት ጠጠሬን በማሽን ከሰበሩልኝ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው፣ መጀመሪያ ሽንቴ ቀልቶ ነበር አሁን ጠርቷል፣ ግን ትናንት ማታ ጎኔን ቀስፎ ያዘኝና ጠዋት አሸዋ የመሰለ ነገር ወጣ። ጓደኞቼ ቢራ ጠጣበት ጠርጎ ያወጣልሃል ይሉኛል፣ ባለቤቴ ደሞ ጨረሩ ነው የጎዳህ ብላ ፈርታለች። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ወጣልህ! ያ አሸዋ ጠጠሩ ራሱ ነው። ለባለቤትህ ንገራት፣ ጠጠሩን የሰበረው ጨረር ሳይሆን ከውጭ በቆዳ በኩል የተላከ የግፊት ሞገድ ነው፣ ከ1980 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ሕክምና ነው፤ ኤክስሬይ ቢኖር እንኳ ጠጠሩ ያለበትን ለማየት ነው። ማሽኑ ይሰብራል እንጂ አያወጣም፣ የሚያወጣው ሽንትህ ነው፣ ስባሪው ደሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በምትወርድ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር በምትሰፋ ቱቦ ተሽሎክሉኮ ስለሚወርድ ነው ጎንህን የቀሰፈህ። ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ 3 ወር።

ስለዚህ ውሃ! በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪወጣህ፣ ሽንትህ ነጣ እስኪል ጠጣ። እናንተ ሹፌሮች ሽንት ቤት ስለማይገኝ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ሳትጠጡ ትውላላችሁ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ፣ ጠጠሩም መጀመሪያ የመጣው በዚህ ሊሆን ይችላል፣ እባክህ በየተርሚናሉ ውረድና ሽና። ቢራው ይቅር፣ ያሸናል ግን መልሶ ያደርቅሃል፣ መሪም ትይዛለህ። ሕመሙ በያዘህ ሰዓት ግን በግድ ውሃ አትጋት፣ የታዘዘልህን ማስታገሻ ውሰድ።

ሽንትህን በሻይ ማጥለያ አጥልና ስባሪውን በንጹህ ዕቃ ይዘህ ለሐኪምህ ስጠው፣ ላብራቶሪ ከምን እንደተሠራ ሲያውቅ ነው ምን መቀነስ እንዳለብህ በደንብ የሚነገርህ፣ እስከዚያ ጨው ቀንስ።

አሁን የምጽፈውን ባለቤትህም ታንብበው። ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ ካንቀጠቀጠህ፣ ሽንት እምቢ ካለህ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይ ሕመሙ በመድኃኒት ካልታገሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ነገ አትበል። ስባሪው ቱቦው ውስጥ ተደራርቦ ሽንቱን ዘግቶት ይሆናል፣ የታገደ ሽንት ላይ ኢንፌክሽን ከገባ በሰዓታት ውስጥ ደም ሊመረዝ ይችላል፤ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ የተዘጋውን አይከፍተውም።

ዲጄ ስቴንት (ሽንት እንዳይታገድ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ተደርጎልህ ከሆነ ደሞ የሚወጣበትን ቀን ስልክህ ላይ አላርም ሙላ፣ ተረስቶ ሲቆይ እሱ ራሱ ጠጠር ይሠራል።