ታቦር ላይ ለሚሠራው የእግር መንገድ፦ ለጠየቅሽው መልስ

ሰላም እህቴ። «ታቦር ተራራ ላይ ለእግረኛና ለሯጭ የሚሆን መንገድ ለመሥራት ገንዘብ እያሰባሰብን ነው፤ አምና የሠራነውን ክረምቱ በላው፤ ዘንድሮ ነዋሪውን እንዴት እናሳትፍ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ እዚሁ ሐዋሳ፣ በአላሙራ ተራራ በኩል፣ ከሠፈር ሰው ጋር አንድ የእግር መንገድ ሠርተን እስካሁን እየጠበቅነው ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ገንዘቡን በመክፈቻው ቀን አትጨርሱት። ለመጀመሪያው ቀን ሰው ብሩንም ጉልበቱንም አይሰስትም። ቲሸርቱ፣ ባነሩ፣ ፎቶው ሰውን ያነሳሳል፣ አሪፍ ነው። መንገዱን የሚያቆየው ግን ዝናቡ ሊገባ ሲል አካፋ ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። እኔ ብሆን ከሚገኘው ግማሹን ከወዲሁ ለጥገና አስቀምጥ ነበር። ለለጋሾቹም ይህንን ፊት ለፊት ንገሯቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡት።

ነዋሪው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠራው እሁድ ጠዋት ስፖርት የሚሠራው ወጣት ነው። ተራራውን በየቀኑ የሚመላለሱበት ግን ሌሎች ናቸው፦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ፍየል የሚጠብቁ ልጆች፣ አቋርጠው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ተማሪዎች። እኛ መስመሩን ከማውጣታችን በፊት እነሱን ጠየቅን። አንዲት እናት «ደረጃው ዝቅ ዝቅ ይበል፤ ሸክም ይዞ ከፍ ያለ ደረጃ መውረድ ጉልበት ይጨርሳል» አሉን። ቀጥለው ደግሞ የሸክም ማሳረፊያ ድንጋይ ጠየቁ። ሸክም አንዴ መሬት ከነካ መልሶ የሚያሸክም ሰው ይፈልጋል። በወገብ ልክ የሚያስደግፉበት ነገር ካለ ግን አርፈው ብቻቸውን ይነሳሉ። ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደራርበን ሠራንላቸው። ወጪው የእኛው ጉልበት ብቻ ነበር። ዛሬ ቦይ ሲደፈን መጀመሪያ የሚነግሩን እነዚያ እናቶች ናቸው። ማሳተፍ ማለት ለእኔ ይኼ ነው። ሰው የጠየቀው ነገር መንገዱ ላይ ተሠርቶ ካየ መንገዱን የራሱ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ጎርፉ ልምጣ። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ መሬት ነው፤ አፈሩ ቀላል ስለሆነ በቶሎ ይታጠባል። ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ በክረምት ቦይ ይሆናል። የእናንተም አምና የተበላው በዚህ ይመስለኛል። መንገዱ ጎኑን ይዞ እየዞረ ይውጣ። በ10 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ጥሩ ነው። ወርዱ 1 ሜትር ከሆነ በገደሉ በኩል ያለው ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። እንዲህ ከሆነ ውሃው መንገዱን ተከትሎ አይሮጥም፤ አቋርጦት ይወርዳል። ይህንን ለመለካት የግድ መሐንዲስ አያስፈልግም። የግብርና ባለሙያዎች እርከን የሚቀይሱበት መሣሪያ ይበቃል፦ ሁለት እኩል እንጨት፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐል ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ከወረዳ አንድ ባለሙያ ለምናችሁ ብታመጡ በግማሽ ቀን ያስተምራችኋል።

ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጣ ድንጋይ መንገዱን አቋርጦ በሰያፍ ቅበሩ፤ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ይግባ። ከድንጋዩ በላይ በኩል የሚጠራቀመው ደለል ካልተጠረገ ግን ውሃው በላዩ ዘሎ ይሄዳል። የጥገናው ዋና ሥራ እንግዲህ ይኼ ነው፦ ደለል መጥረግ። ከበልግ በፊት አንዴ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ መስቀል ሲያልፍ አንዴ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። አንድ አካፋ የሚጨርሰውን ሥራ ብትተዉት በዓመቱ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ያስጠይቃችኋል።

አቋራጭም መንገድ ያጠፋል። ሰው ቀጣዩን ጠመዝማዛ እታች ካየው ቆርጦ ይወርዳል፤ ቁጣም ሆነ ማስታወቂያ አይመልሰውም። መታጠፊያውን ቁጥቋጦ ወይም ትልቅ ድንጋይ በሚጋርደው ቦታ አድርጉት። አቋራጭ ከተጀመረ ደግሞ በዚያው ሳምንት የግራር እሾህ ጣሉበት።

መንገዱን በክፍል በክፍል አከፋፍሉት። እኛ ዘንድ ከዋርካው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የአንድ እድር ነው፣ ከዚያ በላይ የተማሪዎች ክበብ፣ አናቱ የሯጮች። እድር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፦ መዝገብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ አባል ይቀጣል። የእናንተም ሒሳብ በእድር ደንብ ይሂድ። በየወሩ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ከነደረሰኙ ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ። ከክፍለ ከተማው ደብዳቤ መያዝ ደግሞ እንዳትረሱ። እኛ የደረደርነውን ድንጋይ ለግንባታ የጫነ ሰው ነበረ፤ ያስመለስነው በደብዳቤው ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው የሚሄድበትን እያያችሁ ካስማ ትከሉ። የምትቆፍሩበትንና የማትነኩትን ቦታ ከዚያ ትለያላችሁ። ለቅየሳው የእኛን ሲባጎና ውሃ ልክ እናውሳችኋለን፤ ከእኛም የለመዱ ልጆች ይመጣሉ። ቀኑን ብቻ ንገሪን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይመቸናል።