«ስማርት» መድኃኒት እስኪመጣ ኬሞው ይቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር አለባት፤ በየሳምንቱ ፓክሊታክሴል የሚባል ኬሞ ትወስዳለች። ጸጉሯ ረግፏል። ሰሞኑን ደግሞ ጣቶቿ ደንዝዘው የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ እያቃታት ነው። ኢንተርኔት ላይ ካንሰሩን ብቻ ፈልገው የሚያጠቁ «ስማርት» ቁሶች እንደተሠሩ አንብቤ ነገርኳት። አሁን «ይህን መርዝ አቁሜ ያንን እጠብቃለሁ» ብላ ድርቅ አለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ያነበቡት ውሸት አይደለም። ግን እባክዎ፣ በራሷ ጊዜ እንዳታቋርጥ። የጣቶቿን ነገር ደግሞ ቀጣዩን ኬሞ ከመውሰዷ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።

መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ቢገባት ንዴቷም ቀለል ይል ይሆናል። አንድ ህዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል 46ቱን ክሮሞሶሞች (የዘር መረጃውን የያዙትን) ያባዛና መሃል ላይ ያሰልፋቸዋል። ከዚያ ከሁለቱም ዳር የተዘረጉ በጣም ቀጫጭን ክሮች አንዱን ቅጂ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ይስቡታል። የሚስቡት ደግሞ ጫፋቸው እየፈረሰ፣ እያጠሩ ነው። ፓክሊታክሴል ክሮቹ ላይ ይለጠፍና እንዳይፈርሱ ያደርጋቸዋል፤ ይህን ያሳየችው ተመራማሪዋ ሱዛን ሆርዊትዝ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለብዙ ዓመት «ህዋሱ እዚያው ተገትሮ ይሞታል» ስንል ኖረናል። በ2014 የወጣ ጥናት ግን መድኃኒቱን ከወሰዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎች እጢ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ሌላ ነገር አገኘ፦ ህዋሶቹ መከፋፈላቸውን አላቆሙም፣ ብቻ በሁለት አቅጣጫ መሳብ የነበረበት ነገር በሦስትና በአራት አቅጣጫ እየተሳበ ክሮሞሶሞቹ ዝብርቅርቃቸው ይወጣል፣ እንዲህ የተዛባ ድርሻ የደረሰው ህዋስ ደግሞ ብዙ አይቆይም።

የጸጉር ሥር ህዋሶችም ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈሉ አብረው ይመታሉ። ነርቭ ግን አይከፋፈልም፤ ታዲያ ጣቶቿ ምን አደረጉ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚያው ክሮች ነርቭ ውስጥ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ከህዋሱ እምብርት እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ምግብና ዕቃ የሚጓዝባቸው ሐዲዶች ናቸው። ሐዲዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ሩቁ ጫፍ ነው። ለዚህ ነው ከእጅና ከእግር ጣት የሚጀምረው።

አሁን ወደ ስማርቶቹ። አንዳንዶቹ ገና ሊመጡ ሳይሆን ድሮ የመጡ ናቸው። የእህትዎ መድኃኒት ራሱ አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ 130 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) በሚያህል ቅንጣት ተዘጋጅቶ አሜሪካ ውስጥ በ2005 ተፈቅዷል። መድኃኒቱ ይሟሟበት የነበረውን፣ አለርጂ የሚያስነሳውን ፈሳሽ አስቀርቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መደንዘዙን ግን አላስቀረም። እንዲያውም በዋናው ጥናት ላይ መጠኑ ከፍ ተደርጎ ስለተሰጠ ከባዱ መደንዘዝ በዝቶ ታይቷል፣ ቶሎ ይለቅ ነበር እንጂ። ቅርፊቱ ተቀየረ፣ ጭነቱ ያው ነው።

ሌላው በሙቀት የሚፈነዳው ነው። ሌላ የኬሞ መድኃኒት በስብ አረፋ ይታሸግና እጢው ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ይለቀቃል። ሐሳቡን እኔም እወደዋለሁ! ግን በጉበት ካንሰር ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ የታሰበውን ውጤት አላመጣም። አንድ የ2016 ግምገማ ደግሞ የአሥር ዓመት የናኖ ቅንጣት ጥናቶችን፣ አብዛኞቹ አይጥ ላይ የተሠሩ፣ ሰብስቦ ሲያሰላ ከተወጋው ውስጥ እጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆነ። ከቀሪው ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። «ካንሰሩን ብቻ» የሚለውን ርዕስ ሲያዩ ይህችን ቁጥር ያስታውሱ።

ለምኞቷ የሚቀርበው ሌላ ነው። እጢዋ ኸር ቱ የሚባለው ተቀባይ (ህዋሱ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን) በብዛት ካለው፣ እሱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ላይ ክሮቹን የሚበጠብጥ መርዝ ተለጥፎ የሚሰጥ መድኃኒት ከ2013 ጀምሮ አለ። ሆርሞን ተቀባይ ካለው ደግሞ ህዋሱ ወደ መከፋፈል እንዳይገባ ከበሩ ላይ የሚያግዱ እንክብሎች አሉ። ሁለቱም ለሁሉም ሰው አይሆኑም፣ የራሳቸው ጣጣም አላቸው። የናሙናዋ ውጤት ምን እንደሚል ሐኪሟን ይጠይቁ። ለእሷ የሚሆን ካለ ከኬሞው በኋላ ወይም በኬሞው ፋንታ በሐኪሟ ይታቀዳል፤ ህክምና አቁሞ በመጠበቅ አይገኝም።

ለጣቶቿ፣ ሐኪሟ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሊያዘገይ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። በራሷ «የነርቭ ቫይታሚን» አትጀምር፤ አሴቲል ኤል ካርኒቲን የሚባለው ለዚሁ ተብሎ ተሞክሮ መደንዘዙን አባብሶታል። ሙቅ ውሃ በእጇ አትለካ፣ ላይሰማት ይችላል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ታማሚ እኛ ፊት ሲቀመጥ «ትንሽ ይደነዝዘኛል» ብሎ ያልፋል፣ እኛም «ትንሽ» ብለን ጽፈን እናልፋለን። እህትዎ እንደዚያ እንዳትል። ለእርስዎ ያለችውን ትበል፦ «ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል።» የመድኃኒቱን መጠን የምንወስነው እሱን ሰምተን ነው።