የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትልቅ ጎማ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። አሁን ያለው ጎማ 265/70 አር 16 ነው። በገጠር መንገድ ድንጋይ ሆዱን ይመታብኛል። ጎሚስታው 285/75 አር 16 እንዳስገባ መከረኝ። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ በሞላና በባሌስትራ አስነሣው» ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት ድንጋዩ የሚመታውን ቦታ ከሥር ገብተው ይመልከቱ። የተፋቀው የኋላ ዲፈረንሻል ከሆነ መድኃኒቱ ጎማ ብቻ ነው፤ ሞላና ባሌስትራ የሚያነሡት ሻንሲውንና ቦዲውን እንጂ ዲፈረንሻሉን አይደለም። እሱ ከአክሱሉ ጋር ባለበት ይቀራል። የተመታው መረገጫው፣ ሻንሲው ወይም የነዳጅ ታንከሩ ከሆነ ግን ማስነሣቱ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ስለዚህ የአንድ ጎን ቁመት 185.5፣ የሁለቱ 371፣ ቸርኬው 406 ሚሊሜትር፤ ሲደመር 777 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚሁ ስሌት 285/75 ቁመቱ 834 ነው። በመካከላቸው 57 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው ግን በዚህ ግማሽ፣ በ28 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ሁሉ ወጪ የሚያገኙት ሁለት ጣት የማይሞላ ከፍታ መሆኑን አውቀው ይግቡበት።

የሚከተለው ጣጣ ብዙ ነው። ጎማው መጀመሪያ የሚነካካው መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ነው፦ ከኋላው በኩል የጭቃ መከላከያውንና የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ ከፊቱ የፓራውልቱን ታችኛ ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ብራቾውን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ)። «ካስነሣኸው አይነካም» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ተጨምቆ ጎማው ድሮ ይደርስበት የነበረው ቦታ ድረስ ይወጣል፤ የተነሣ መኪና ቆሞ ያምራል፣ ሲታጠፍ ግን ይፍቃል። ስለዚህ አምስቱንም ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ብቻ በውሰት ከፊት ያስገቡ። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጥተው መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ያዙሩ፤ ሌላ ሰው በባትሪ እያበራ ይይ። ከዚያ ተቃራኒውን ጎን ይድገሙት። በጣት የሚያልፍ ክፍተት ከሌለ መንገድ ላይ መንካቱ አይቀርም።

ቸርኬውም አለ። 285/75 ቢያንስ 7.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የእርስዎ 7 ከሆነ ቸርኬም ሊገዙ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ከመረጡ ደግሞ ጎማው ሲታጠፍ የሚሠራው ክብ ይሰፋና ፓራፋንጎውን ይበልጥ ይነካል፣ የኩሽኔታውም ጫና ይጨምራል። ስኮርታው ከካሶኒው ሥር ካልገባ የት እንደሚሰቅሉት ከአሁኑ ያስቡ።

በእኛ ግምት ለእርስዎ የሚበጀው 265/75 አር 16 ነው። ቁመቱ 804 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ሚሊሜትር ብቻ ቢያነሣም በ7 ኢንች ቸርኬ ይሄዳል፣ የመንካት ዕድሉም በጣም ያነሰ ነው። ጎኑ ባለ ሦስት ድርብ የሆነውን ይምረጡ። በድንጋይ መንገድ ላይ ሰው የሚያስቸግረው ከቁመት ማነስ ይልቅ የጎን መቀደድ ነው። ሆዱን ለመከላከል በተረፈው ገንዘብ ከሞተሩ ሥር ብረት ያሠሩበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ 285/75 ካስገባሁ ወዲህ መኪናዬ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ነዳጅም ይበላል። የፍጥነት ቆጣሪውስ ይዋሻል?

መልስ፦ ከ265/70 ወደ 285/75 ከሄዱ ዲያሜትሩ በ7.3 በመቶ አድጓል። ቆጣሪው 80 ሲል እርስዎ በ86 እየሄዱ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ሲቆጥር የሄዱት 107 ነው፤ እንግዲህ የነዳጁን ሒሳብ ሲሠሩ የተቆጠረውን ኪሎ ሜትር በ1.07 ያባዙት። ከበላው ነዳጅ የተወሰነው በወረቀት ላይ ብቻ የበላው ሆኖ ያገኙታል።

ድካሙ ግን እውነተኛ ነው። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ምጣኔ 4.1 ከነበረ አሁን 3.82 የተገጠመለት ያህል ነው። ጭነት ይዘው የዓባይ በረሃን ሲወጡ በሦስተኛ ይጎትት የነበረው ሁለተኛ ማርሽ ይጠይቃል፤ በሦስተኛ እንዲወጣ ማስገደድ ፍሪሲዮንና ሞተር መጨረስ ነው። ፍሬኑም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱ።

ጥያቄ (ከሠመራ)፦ አሮጌ ላንድክሩዘር ባለ 7.50 አር 16 ጎማና ከመነዳሪ አለኝ። ለአሸዋ ሰፊ ጎማ ላስገባበት?

መልስ፦ አይቸኩሉ። 7.50 (ስፋቱ በኢንች ነው) ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል እንጂ ቁመቱ 805 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሸዋ ላይ የሚያንሳፍፈው በዋናነት ስፋቱ አይደለም፤ አየር ሲቀነስ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ስለሚረዝም ነው። በባዶ መኪና የጎማውን አየር እስከ 18 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) አውርደው ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳያልፉ ይንዱ። ከዚያ በታች ግን ከመነዳሪ ባለው ጎማ አይውረዱ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ከሥሩ ይበጥሰዋል። ሹል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ደግሞ አየር ብዙ መቀነስ ጎኑን አሳብጦ ለመቀደድ ማጋለጥ ነው። ወደ አስፋልት ከመመለስዎ በፊት ይሙሉት።

መቀየር ካለብዎት 235/85 አር 16 ይሁን፤ ቁመቱ 806 ነው፣ ቢያንስ የ6 ኢንች ቸርኬ ግን ይፈልጋል። አሁን ያለው ቸርኬ በቀለበት የሚያዝ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገርዎ፦ የቫልቩ መርፌ ወጥቶ አየሩ ጨርሶ ሳይወጣ ቀለበቱ እንዳይነካ። ሲሞላም ጎማው በሰንሰለት ታስሮ ወይም በብረት ቤት ውስጥ ሆኖ ይሞላ፤ በአጠገቡ ማንም አይጎንበስበት። የተፈናጠረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እዚህ 35 ሞልቼ ደናክል ስወርድ ጎማው በሙቀት አይፈነዳም?

መልስ፦ የአየር መለኪያ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጩ ግፊት 11 ፒ ኤስ አይ ገደማ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ባለው ደናክል ወደ 15 ይጠጋል። ስለዚህ ሙቀቱ ባይቀየር 35ቱ እዚያ ሲለካ 31 ይሆናል። በ15 ዲግሪ የተሞላው ጎማ 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ደግሞ 4 ያህል ስለሚጨምር መልሶ 35 ያነባል። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። የሚያፈነዳው እዚያ ያለው ሙቀት ብቻውን ሳይሆን ትንሽ አየር ይዞ፣ ጭኖ፣ በፍጥነት መንዳት ነው። ለማወቅ ጠዋት በብርዱ ይለኩ፣ አንድ ሰዓት በአስፋልት ነድተው ወዲያው ይለኩ። ጭማሪው ለፒክአፕ ከተሠራ ጠንካራ ጎማ ላይ ከ6፣ ከቀላሉ ጎማ ላይ ከ4 ካለፈ ሲነሡ የነበረው አየር ያንስ ነበር ማለት ነው። የሞቀ ጎማ ግፊቱ ጨመረ ብለው አየር አያስወጡ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከአሉሚኒየም ቸርኬ ወደ ብረት ቀይሬ ዳዶዎቹ በተደጋጋሚ ይላላሉ።

መልስ፦ ዳዶዎቹን አልቀየሩም። የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው፤ የብረቱ ቸርኬ ቀዳዳ ግን ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። ጠፍጣፋው ሾጣጣ መቀመጫ ላይ አይይዝም፤ ቸርኬው ይወዛወዝና ቡሎኑን ይቆርጠዋል። ትክክለኛውን ገዝተው መኪናው በክሪክ እንዳለ በመስቀል ቅደም ተከተል ያስጠጉ፣ አውርደው መመሪያው በሚለው ልክ ያጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይፈትሹ። የቸርኬው የቡሎን ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ ቸርኬው አይጠገንም፣ ይጣላል።