ፕሮሰሰርና ራም ይነጋገራሉ?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ጥገና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማስታወሻቸው ላይ «ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ይነጋገራሉ» ብለው ይጽፋሉ። «ወደ ሜሞሪ ይጽፋል»፣ «ከሜሞሪ ያወጣል» የሚሉም አሉ። ባልደረባዬ «ሐሳቡ እስከገባ ድረስ ምን ቸገረሽ?» አለኝ። ላርም ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ያርሙ እንጂ። ባልደረባዎ ያሉት አይከፋም፤ እዚህ ግን የተበላሸው ራሱ ሐሳቡ ነው። የአማርኛ ግስ ቅርጹን በለወጠ ቁጥር ማን እንደ ጀመረ፣ ማን እንደ ታዘዘ ይናገራል። ተማሪው ቅርጹን ከሳተ የማሽኑን አሠራርም አብሮ ይስታል።

በቅድሚያ «ሜሞሪ»ን ነካ አድርገን እንለፍ። መርካቶ ገብተው «ሜሞሪ አለ?» ቢሉ የሚያወጡልዎት የስልክ ካርድ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዘውን ክፍል ጠጋኞቹ «ራም» ይላሉ። እኔም ከዚህ በኋላ ራም እላለሁ።

አሁን ወደ «ይነጋገራሉ» እንምጣ። «ነገረው» ስንል አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ሰሚ ነው። «አናገረው» ስንል ወሬውን የጀመረው ይታወቃል። «ተነጋገሩ» ካልን ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ማንኛቸውም ሊጀምሩ ይችላሉ። «ተጻጻፉ»፣ «ተጠያየቁ» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። ራም ግን ሳይጠየቅ መረጃ ልኮ አያውቅም።

ይህን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በ1978 የወጣው 8086 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ቺፑ 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት። እያንዳንዱ መስመር 0 ወይም 1 ስለሚይዝ 1,048,576 አድራሻዎችን፣ ማለትም ራም ውስጥ ያሉ ቦታዎችን፣ መጥራት ይችላል። ማንበብ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚፈልገውን አድራሻ መስመሮቹ ላይ ያወጣል። ቀጥሎ በሌላ ሽቦ የማንበቢያ ምልክት ይሰጣል። ራሙ በዚያ አድራሻ ያለውን መረጃ በዳታ መስመሮቹ ላይ ያደርግለታል፤ ፕሮሰሰሩም ይቀበላል። ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ከ20ዎቹ መስመሮች 16ቱ አድራሻም መረጃም በተራ የሚሄድባቸው መሆኑ ነው። ፒን፣ ማለትም የቺፑን እግሮች፣ ለመቆጠብ ሲባል የመጣ ብልሃት ነው። ራሙ ቀርፋፋ ከሆነ «ረዲ» በሚባለው ፒን በኩል ፕሮሰሰሩ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ያም ቢሆን ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ወሬ መጀመር አይደለም።

የዛሬውም ወግ አልተለወጠም። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት፣ ባለ 3200 ሲሆን፣ በአንድ ቻናል (የመረጃ መንገድ) 64 ቢት፣ ማለትም 64 ዜሮና አንዶችን፣ እየያዘ በሰከንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ ያመላልሳል። 25.6 ጊጋባይት ማለት ነው። ግን አሁንም የሚያዘው ከፕሮሰሰሩ ወገን ያለው የራም መቆጣጠሪያ ነው። ስለዚህ ተማሪዎ «ፕሮሰሰሩ ራሙን ይጠይቃል፤ ራሙ ይመልሳል» ብሎ ይጻፍ።

«ወደ ራም ይጽፋል» የሚለው ለጆሮም ይጎረብጣል። «ወደ» ከ«ጻፈ» ጋር ሲመጣ ደብዳቤ ነው ትዝ የሚለን። የሚጻፍበት ነገር «ላይ» ነው የሚፈልገው፤ ደብተር ላይ፣ ሰሌዳ ላይ። «ራም ላይ ይጽፋል» ይበሉ። «ወደ» የግድ ካስፈለገ ግሱን ይለውጡና «ወደ ራም ይልካል» ይበሉ።

«ያወጣል» ትንሽ ያከራክራል። ከኪሱ ብር አወጣ ካልን ኪሱ ጎደለ ማለት ነው። ራም ሲነበብ አይጎድልም፤ ፕሮሰሰሩ የሚደርሰው ቅጂው ነው። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ያነበበ ተማሪ ግን ሊሞግትዎት ይችላል። ዲራም በሚባለው፣ በኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው የራም ዓይነት፣ እያንዳንዱ ቢት በአንዲት ኢምንት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ (ካፓሲተር) ውስጥ ያለ ቻርጅ ነው። ሲነበብ ቻርጁ በእርግጥም ይፈሳል። ቺፑ ወዲያው መልሶ ይሞላዋል እንጂ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ሳይነበብም ቀስ እያለ ስለሚፈስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁሉም ረድፍ ይታደሳል። ልጁ ይህን ካነሣብዎት አንድ ማርክ ይጨምሩለት። ዓረፍተ ነገሩን ግን ያርሙለት፤ ፕሮሰሰሩ ካለበት ቦታ ሲታይ የጎደለ ነገር የለምና። «ከራም ያነባል» ይበቃል። «ራሙን ያነባል» ግን አይሁን። «መጽሐፉን አነበበ» ስንባል ጨርሶታል ብለን ነው የምንረዳው።

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ዲስክ ላይ ነው። ተማሪዎች «ፕሮሰሰሩ ከዲስክ አንብቦ ራም ላይ ይጽፋል» ይላሉ። ድሮ ድሮ እንዲያ የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ቁራሽ በቁራሽ እያነሣ ያመላልስ ነበር። አሁን በአብዛኛው ዲኤምኤ በሚባል ዘዴ ነው የሚሠራው። ፕሮሰሰሩ ለዲስኩ መቆጣጠሪያ የትኛው መረጃ፣ ምን ያህል፣ ራም ላይ የት እንደሚቀመጥ ይነግረዋል። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። መረጃውን ራም ላይ የሚጽፈው መቆጣጠሪያው ነው። ታዲያ ይህን የሚገልጽ ግስ አለን፤ «ያስጽፋል»። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ያስጻፈ ሰው ብዕር አልያዘም፤ ጉዳዩ ግን የእሱ ነው። «ፕሮሰሰሩ የዲስኩን መረጃ ራም ላይ ያስጽፋል» ሲባል ያቺ «ያስ» የዲኤምኤን ነገር በሙሉ ትሸከማለች። «ይጽፋል» ያለ ተማሪና «ያስጽፋል» ያለ ተማሪ እኩል ማርክ ሊያገኙ አይገባም።

መቆጣጠሪያው ሲጨርስ ለፕሮሰሰሩ ምልክት ይልካል። ኢንተራፕት የምንለው ይሄ ነው። «ያቋርጠዋል» የሚለው ትርጉም ተለምዷል፤ አልጠላውም። ነገር ግን «ትምህርቱን አቋረጠ» ስንል ትቶ ሄደ ማለታችን ነው። ፕሮሰሰሩ ግን የነበረበትን ቦታ መዝግቦ፣ የመጣውን ጉዳይ ፈጽሞ፣ ወደ ጀመረው ይመለሳል። «ሥራውን አስቁሞ ይጠራዋል» ቢሉ ይሻላል። ረዘም ይላል፣ ግን አያሳስትም።

«ይነጋገራሉ»ን ጨርሰው አይጣሉት። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚገናኙበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለ መስመር ላይ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄ ማንሣት ይችላሉ። ካርዱ ራሱ ተነሥቶ ከራም መረጃ ይጠይቃል። እዚያ ግሱ ልክ ነው። በዩኤስቢ የተሰካ ማውስ ላይ ሲደርሱ ግን እንደገና ይጠንቀቁ። በዩኤስቢ 2.0 ማውሱን ብናንቀሳቅሰውም በራሱ አይናገርም፤ ኮምፒውተሩ «ተነቃንቀሃል?» እያለ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይጠይቀዋል። «ማውሱ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል» ብሎ የጻፈ ካለ ቀይ እስክሪብቶዎን ያውጡ።