ጥያቄና መልስ፦ አኪንፌንዋ እና የታችኛው ሊግ አጥቂ ኑሮ

ስለ እንግሊዝ ታችኛው ሊግ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ አዴባዮ አኪንፌንዋ። ደስ ብሎኛል። ይህን ሰው ለብዙ ዓመት ተከታትዬዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ፊፋ ስንጫወት ማንም የማይገፋው አንድ ግዙፍ አጥቂ ነበር። የእውነት እንደዚያ ያለ ሰው አለ?

አለ። ሜይ 10 ቀን 1982 ሰሜን ለንደን፣ ኢስሊንግተን ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ከናይጄሪያ ነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነበር። ፊፋ ላይ በጉልበት ለዓመታት አንደኛ ሆኖ የቆየው እሱ ነው። ቅጽል ስሙም «አውሬው» ነው። ጌሙን ብቻ የሚያውቅ ሰው ለጨዋታ ማድመቂያ የተጨመረ ይመስለዋል። አይደለም። ከ20 ዓመት በላይ ተጫውቶ ከ200 በላይ ጎል ያገባ አጥቂ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ክለብ ተጫወተ? ያን ያህል የቀያየረው የጸባይ ችግር ስለነበረበት ነው?

ከ10 በላይ ክለብ። ጸባዩ ግን ምንም አልነበረበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ሻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ አሉ። እያንዳንዳቸው 24 ክለብ አላቸው። አኪንፌንዋ ዕድሜውን የጨረሰው በአብዛኛው በታችኞቹ ሁለቱ ነው። እዚያ የሚበዛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ኮንትራት ነው። ሜይ ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ክለቡ የሚቀሩትንና የሚሰናበቱትን ተጫዋቾች ዝርዝር ያወጣል። ኮንትራቱ ጁን 30 ያበቃል። ስምህ ከሚሰናበቱት ጋር ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ደሞዙ ይቆማል። የቤት ወጪው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ስልኩ ግን አይጠራም። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የራሱን አጥቂ ይዞ ይመጣል። ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ ቶሎ የሚሸኘው ደሞዙ ከፍ ያለው ሰው ነው።

የ2003/04 ውድድር ዓመትን ተመልከት። ዌልስ ውስጥ ይጫወትበት የነበረው ባሪ ታውን የገንዘብ ቀውስ ገጥሞት ተጫዋቾቹን በተነ። ልጁ ገና 21 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ቦስተን ዩናይትድ ሄደ፣ ሌይተን ኦሪየንት ሄደ፣ ዶንካስተር ሄደ። አንዱ ጋ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደ ሌላው ነው የሄደው። ይህ እንጀራ ፍለጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ቶርኪ፣ ስዋንሲ፣ ሚልዋል፣ ኖርዝሃምፕተን ሁለት ጊዜ፣ ጂሊንግሃም ሁለት ጊዜ፣ ዊምብልደን፣ መጨረሻ ላይ ዋይኮምብ። «ሁለት ጊዜ» የምትለዋን ልብ በልልኝ። ጸባዩ የከፋ ሰው የለቀቀው ክለብ መልሶ አይጠራውም።

ጥያቄ፦ ሊቱዌኒያ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዋትፎርድ በወጣትነቱ ለቆት በ2001 ክላይፔዳ ከተማ ወዳለው አትላንታስ ሄደ። ገና 20 ያልሞላው ጥቁር ልጅ፣ ማንንም በማያውቅበት አገር። ስታዲየም ውስጥ በቆዳ ቀለሙ ይሰድቡት እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ጥሎ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። እንዲቆይ የመከረው ወንድሙ ነው። ቆየ፣ የአገሪቱንም ዋንጫ ከክለቡ ጋር አነሳ። ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው። በ19 ዓመቱ ያንን የቻለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሊሰብረው ይችላል?

ጥያቄ፦ እኔ ኳስ ብዙም አልከታተልም፣ ባለቤቴ ነው ቪዲዮውን ያሳየኝ። እንደዚያ ከብዶ እንዴት ነው ኳስ የሚጫወተው? አይሮጥም እኮ።

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፣ ብዙ አይሮጥም። ሥራው ሌላ ነው። አንዲት ቅጽበት ላሳይሽ።

ግብ ጠባቂው ኳሷን ረጅም ይለጋታል። አኪንፌንዋ ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ ተከላካዩ የት እንዳለ ይዳስሳል። ሲያገኘው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ በመቀመጫው ይደገፈዋል። አሁን ያ ተከላካይ በየትም በኩል ማለፍ አይችልም። ኳሷ ስትወርድ በደረቱ ያበርዳታል፣ አንዴ ይነካታል፣ ከጎኑ ለሚሮጠው ልጅ ያቀብላታል። ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በዚያች ጊዜ ግን ቡድኑ ሁሉ 30 ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። ተከላካዮች ከጨዋታው በኋላ ወገባቸውን ይዘው የሚወጡት በዚህ ነው።

በየክለቡ «ለኳስ በጣም ትልቅ ነህ» ይሉት ነበር። ያንኑ ትልቅነት ሙያ አደረገው።

ጥያቄ፦ በጣም የከፋው ጊዜው የቱ ነው?

በእኔ አስተያየት 2006 እና 2007። ስዋንሲ ሲገባ አጀማመሩ ግሩም ነበር። ኦገስት 2005 በአዲሱ ሊበርቲ ስታዲየም በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ትራንሚርን 1ለ0 ሲያሸንፉ ያገባው እሱ ነው። ኤፕሪል 2006 በፉትቦል ሊግ ትሮፊ (የታችኞቹ ሊጎች ክለቦች ዋንጫ) ፍጻሜ ላይም አግብቶ ካርላይልን 2ለ1 አሸነፉ። ከዚያ ሜይ ላይ በዚያው በካርዲፉ ሚሌኒየም ስታዲየም ከባርንስሌይ ጋር ወደ ሻምፒዮንሺፕ ለማደግ ተጫወቱ። 2ለ2 አለቀና በመለያ ምት ተሸነፉ። ከሳቱት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እግሩ ተሰበረ። ከስዋንሲ ወጥቶ ለወራት ያለ ክለብ ተቀመጠ። ሚልዋል ወሰደው፣ አንድም ጎል ሳያገባ ወጣ። በ2008 መጀመሪያ ኖርዝሃምፕተን እጁን ዘረጋለት፣ እዚያ እንደገና ጎል ማግባት ጀመረ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የድሮ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ሊቨርፑል ላይ ያገባው ይህ ሰውዬ ነው?

አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው። እሱም እንደ እርስዎ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 2015፣ ኤፍኤ ካፕ፣ በዊምብልደን ትንሽ ሜዳ። የሊቨርፑሉ አምበል ጄራርድ አስቀድሞ አገባ። ከማዕዘን ምት በተፈጠረ ግርግር አኪንፌንዋ አቻ አደረገ። በኋላ ጄራርድ በቅጣት ምት ደግሞ 2ለ1 ጨረሰው። ከጨዋታው በኋላ የጄራርድን ማሊያ ይዞ ገባ። በነገራችን ላይ፣ ኖርዝሃምፕተን በሴፕቴምበር 2010 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን በመለያ ምት ከሊግ ካፕ ሲያስወጣ እሱ በዚያው ክረምት ወደ ጂሊንግሃም ሄዶ ነበር።

ጥያቄ፦ «በዋትስአፕ አግኙኝ» ያለው ታሪክ ምንድን ነው?

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኝ ነበር።

ዊምብልደን በ2002 ደጋፊዎች ከባዶ ያቋቋሙት ክለብ ነው፤ የድሮው ክለባቸው ወደ ሚልተን ኪንስ ተወስዶባቸው። ሜይ 30 ቀን 2016 ዌምብሌይ ላይ ወደ ሊግ ዋን ለማደግ ከፕሊማውዝ ጋር ተጫወቱ። የዊምብልደኑ ላይል ቴይለር አንድ አስገባ። አኪንፌንዋ ተቀይሮ ገብቷል። ኮንትራቱ አልቋል፣ እንደማይቀርም ያውቃል። በባከነው ሰዓት መጨረሻ ላይ ለዊምብልደን ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ካለም ኬኔዲ ነበር፣ ኳሷንም ይዟታል። አኪንፌንዋ መጥቶ ለመነው፣ ተከራከረው። ይህ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው፣ እኔ ልምታ። ኬኔዲ ደስ አላለውም፣ ግን ለቀቀለት። አገባ። 2ለ0።

ከዚያ የቴሌቪዥን ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ አሁን ሥራ አጥ ነኝ፣ የሚፈልገኝ አሰልጣኝ ካለ በዋትስአፕ ያግኘኝ አለ። አገር ሳቀ። እኔ ግን ያኔም ዛሬም ደረቴ ላይ ይከብደኛል። ክለቡን ዌምብሌይ ላይ ያሳደገ የ34 ዓመት አባወራ ነው፣ የነገ ደሞዙ የት እንዳለ አያውቅም። ጨዋታውን እንደጨረሰ ሥራ ፈላጊ ሆነ።

የዋይኮምቡ አሰልጣኝ ጋሬዝ ኤይንስወርዝ ወሰደው። እዚያ ስድስት ዓመት ቆየ፤ የትም ያን ያህል ቆይቶ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጎል ካገባ ለምን ትልቅ ክለብ አልወሰደውም? ሪኪ ላምበርት ሄዶ የለ?

ላምበርትም በዚያው በ1982 ነው የተወለደው። ሊቨርፑል በ15 ዓመቱ አሰናበተው። ክለብ ባጣበት ጊዜ ቀይ ሥር የሚያሽግ ፋብሪካ ገብቶ በቀን 20 ፓውንድ ሠርቷል። በኋላ ሳውዝሃምፕተን አገኘውና ከሊግ ዋን ፕሪሚየር ሊግ ደረሰ። በ2013 ለእንግሊዝ በመጀመሪያው ጨዋታው ስኮትላንድ ላይ አገባ። እንዲህ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አኪንፌንዋ በከፍተኛው ሊግ ፍጥነት 90 ደቂቃ መቆየት አይችልም ነበር፣ ይህን መካድ አይገባም። እንደ ጄሚ ኩረተን ያሉም አሉ። በ2006/07 ለኮልቼስተር 23 ጎል አግብቶ በሻምፒዮንሺፕ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ታች እየወረደ 40 ዓመት አልፎትም ይጫወት ነበር።

ጥያቄ፦ ሻምፒዮንሺፕ ደርሷል?

ደርሷል፣ በ38 ዓመቱ። በ2020 በኮቪድ ሊግ ዋን ሲቋረጥ ዋይኮምብ 8ኛ ነበር። ደረጃው በጨዋታ አማካይ ነጥብ ሲሰላ 3ኛ ሆነና ለማደግ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገባ። ሰው በሌለበት ዌምብሌይ ኦክስፎርድን 2ለ1 አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮንሺፕ ገባ። አኪንፌንዋ አሁን በዋትስአፕ ሊያገኘኝ የሚችለው ክሎፕ (ያኔ የሊቨርፑል አሰልጣኝ) ብቻ ነው አለ። ክሎፕም መልእክት ላከለት! በቀጣዩ ዓመት ግን በአንድ ነጥብ ተበልጠው ወረዱ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጨዋታውን አይተኸዋል?

አይቼዋለሁ። ሜይ 21 ቀን 2022፣ ዌምብሌይ፣ ከሰንደርላንድ ጋር። 40 ዓመት ከሞላው 11 ቀኑ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያቆም አስቀድሞ ተናግሯል። ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ገባ። ዋይኮምብ 2ለ0 ተሸነፈ። ያን ዓመት ጁላይ ሲመጣ ከአሰልጣኝ የሚጠብቀው ስልክ አልነበረም።